መንጠቆው ሲሳሳት መርከበኛው አይወቀስ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የነዳጅ ሠራተኞች ማደሪያ የነበረው ተንሳፋፊ መድረክ አሌክሳንደር ኪየላንድ በሰሜን ባሕር ላይ አንድ እግሩ ተሰብሮ ሲገለበጥ፣ ከ212 ሰዎች 123ቱ አለቁ። አራት የነፍስ አድን ጀልባዎች ቢወርዱም ከተንጠለጠሉበት የብረት ገመድ መላቀቅ የቻለው አንዱ ብቻ ነበር። ጀልባዎቹን ከገመዱ ጋር የሚያያይዙት መንጠቆዎች ገመዱ ካልላላ አይከፈቱም፤ ያ ማዕበል ደግሞ ለገመዱ ፋታ አልሰጠም።

ከዚያ በኋላ ክብደት ተሸክሞ እያለም ሊከፈት የሚችል መንጠቆ ግዴታ ሆነ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አዲሶቹ መንጠቆዎች በተራቸው ሰው መግደል ጀመሩ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከነፍስ አድን ጀልባዎች ጋር በተያያዙ አደጋዎች 12 መርከበኞች ሞተዋል፣ 87 ተጎድተዋል። ሰው ሊድንበት በተሠራ ጀልባ!

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። በብዙዎቹ ዓይነቶች የጀልባው ክብደት ራሱ መንጠቆውን ወደ መክፈት ይገፋዋል፤ የሚያግደው አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት ብቻ ነው። ይህ ብረት ከተበላ፣ ወይም ከልምምድ በኋላ ጥቂት ሚሊሜትር ሳይመለስ ከቀረ፣ ዝግ የሚመስለው መንጠቆ ሰው እንደጫነ ይከፈታል። ከዚያ "መርከበኛው በሚገባ አልዘጋውም" ይባላል። በጨለማና በዝናብ፣ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ሆኖ ያቺን ክፍተት ማን ያያታል? ጥፋቱን በሟቹ ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ነባሮቹ መንጠቆዎች እንዲፈተሹ፣ መስፈርቱን የማያሟሉትም ቢዘገይ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2019 እንዲለወጡ ወሰነ። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ክብደቱ ራሱ አጥብቆ የሚዘጋውን ዓይነት ብቸኛ ምርጫ አላደረገም፤ በመቆለፊያ ብረት የሚያዘውንም ፈቅዷል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። መቆለፊያ ያረጃል፣ ይዝጋል፤ ክብደት ግን አያረጅም።

በባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ልጆቻችን በዚሁ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥለው ይለማመዳሉ። ስለዚህ አሠልጣኞቻቸው ከአከፋፈቱ በፊት የአሠራሩን ዓይነት እንዲለዩ ያስተምሯቸው፤ ቀጣሪዎችም በክብደት የሚዘጋውን ይግዙ። እስከዚያው መንጠቆው ቢከፈት ጀልባውን የሚይዝ መጠባበቂያ ማሰሪያ ያልታሰረለት ጀልባ ውስጥ ለልምምድ ማንም አይግባ።