ወረቀቱ ቀረ፤ ሂሳቡስ?

«ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ደግሞ ምን ወጪ አለው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ፣ ማከፋፈያ መኪና የለ። ግማሹ ልክ ነው። ግን ጽሑፉን አይቶ የሚያርመው ሰው፣ እንደ እኔ ያለው አርታኢ፣ አሁንም አለ፤ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል።

አንድ ያረምኩትን ጽሑፍ ላንሳ። ርዕሱ «መድኃኒቱ አያድንም» ይላል። ወረድ ብዬ ሳነብ ጽሑፉ ራሱ የሚለው ማዳኑ «አልተረጋገጠም» ነው። የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ እኮ! ተሞክሮ አልሠራም ማለትና የተሞከረባቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ገና አይታወቅም ማለት በምን ይገናኛሉ? ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተሳታፊዎቹ አንቀጹ ላይ 48፣ ሰንጠረዡ ላይ 84 ሆነው አገኘኋቸው። ለጸሐፊው ጻፍኩለት። «ኧረ በናትህ! አላየሁትም» አለኝ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ገጹ ላይ የተቀየረው አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ነው። ለዚህ ደረሰኝ ቁረጥ ብትሉኝ ምን ብዬ እንደምሞላው እንጃ።

«ስህተት ካለ አንባቢ ያርመዋል» የሚሉም አሉ። ያርመዋል፣ ግን ከተሰራጨ በኋላ። ያኔ ስክሪንሾቱ ስንት ስልክ ውስጥ ገብቷል።

እስካሁን ለአርታኢ ነው የተሟገትኩት። አሳታሚ ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥሮ ሂሳብ የሚያመጣ ሰው ያናድደኛል።

ሳይንሳዊ ጆርናሎችን እዩ። ተመራማሪው ለጽሑፉ አይከፈለውም። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ልክነቱን የሚያዩት የሙያው ሰዎች፣ ገምጋሚዎቹም፣ አብዛኞቹ በነጻ ነው የሚያነቡት። ኔቸር የሚባለው ታዋቂ ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጽሑፉ ለማንም በነጻ ክፍት እንዲሆን ለሚፈልግ ደራሲ ያቀረበው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። በርግጥ ኔቸር በደመወዝ የሚሠሩ አርታኢዎች አሉት፣ ከሚላክለትም አብዛኛውን ይመልሳል፤ እና የተመለሱትን ለማንበብ የጠፋው ጊዜ ሂሳብ ተቀባይነት ባገኙት ጥቂቶች ላይ ይጫናል። ይህ ይገባኛል። ዝም ብሎ «ሌቦች» ማለት አይሆንም። ግን ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ለማንበብ፣ ስንቱ ለስሙ፣ ስንቱ ለትርፍ እንደሆነ ደራሲው ከሂሳቡ ላይ ማየት አለበት።

ጥያቄውን አርታኢዎች ራሳቸውም አንስተውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአንጎል ምስል ጥናት የሚያወጣው የኒውሮኢሜጅ ጆርናል አርታኢዎች፣ ከ40 በላይ ሰዎች፣ በአንድ ላይ ለቀቁ። አሳታሚው ኤልሴቪየር በአንድ ጽሑፍ 3,450 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ቀንሱ ቢሉት እምቢ አለ። ሄደው ከኤምአይቲ ፕሬስ ጋር ሌላ ጆርናል ከፈቱ። አሳታሚው ስሙን ይዞ ቀረ፣ እነሱ እውቀታቸውን ይዘው ሄዱ።

በሌላው ጫፍ አርካይቭ (arXiv) የሚባል የኢንተርኔት የጽሑፍ ማስቀመጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የፊዚክስና፣ ቆይቶም የሒሳብ ሰዎች ረቂቃቸውን ሳይከፍሉ ያስቀምጡበታል። ጽሑፉ ለቦታው የሚገባ መሆኑን የሚያዩ ሰዎች አሉት፣ ውስጡ ያለው ልክ ነው ወይ ብሎ የሚገመግም ግን የለም። አሪፍ ነገር ነው፣ ግን አርታኢን ተካ ማለት አይደለም።

መጽሐፍም ያው ነው። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መሸጫው አማዞን ኪንድል ላይ ራስህ ብታሳትምና ዋጋውን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ብታደርገው በብዙ ገበያዎች እስከ 70 በመቶ ላንተ ነው። ደስ ይላል። ከዚያ ለአርታኢው ከኪስህ፣ ለሽፋን ሠሪው ከኪስህ፣ ለማስታወቂያውም ከኪስህ ትከፍላለህ። ወጪው አልጠፋም፣ ኪስ ነው የቀየረው።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ አንድ ነው። አሳታሚው ሂሳቡን ዘርዝሮ ያሳየን፤ ለአርታኢ የሚለው መስመር ላይ ያለውን ገንዘብ ሳልከራከር እከፍላለሁ፣ በሌሎቹ ግን እንከራከራለን።

በነገራችን ላይ፣ የዚያች የመድኃኒት ጽሑፍ ክፍያ እስካሁን አልገባልኝም።