ትንሽ ብየዳ ብቻ ነው የሚቀራት

ጤነኛ ሰው መኪና ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሯ ይነሳል?» ብሎ ነው። የድሮ ጂፕ አሳዳጅ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይሸማቀቃል። እሱ የሚፈልገው የማትነሳዋን ነው። ቢቻል ሃያ ዓመት ያልተነሳችውን። በወለሏ ዛፍ በቅሎ በመሪዋ በኩል ቅርንጫፍ ካወጣማ ደስታውን አይችለውም። «የሰው እጅ ያልነካት!» ይላል። እውነቱን ነው። የነካት ዝናብ፣ አይጥና ዶሮ ብቻ ነው።

በሽታው የአንድ አገር አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጂፕ ሰብሳቢ ሌላ አቆጣጠር አያውቅም።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ አመረቱ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ዊሊስ ሲጄ የምትባል የሲቪል ጂፕ አውጥቶ ለገበሬ መሸጥ ጀመረ። በኋላ ማሂንድራ ሕንድ ውስጥ፣ ሚትሱቢሺ ጃፓን ውስጥ፣ ሆችኪስ ፈረንሳይ ውስጥ በፈቃድ ሠሯት። እንግዲህ የትኛውም ጓሮ ውስጥ አንዲት ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። አሳዳጁን ያጠፋው ይህ «ልትኖር ትችላለች» ነው። ሲነዳ ዐይኑ መንገዱ ላይ አይደለም፤ የሰው አጥር ላይ ነው። ሸራ የለበሰ ነገር ሁሉ ጂፕ ይመስለዋል። የማያውቀውን ቤት አንኳኩቶ፣ የቤተሰቡን ጤና ሁሉ ጠይቆ፣ ሸራው ሲገለጥ የውሃ ፓምፕ ያገኘ ሰው አውቃለሁ። ፓምፑንም ዋጋ ጠየቀ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ የድሮ ወሬ አለ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ መጽሔቶች ላይ «ጂፕ በ50 ዶላር» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ገንዘቡን የላከ ሰው ግን የሚደርሰው ጂፕ አይደለም። ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ መንግሥት ትርፍ የጦር ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ የምታስረዳ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያም ሆኖ ወሬው አልሞተም። ዛሬም «በእንጨት ሳጥን እንደታሸገች፣ ግራሶዋ እንኳ ሳይጠረግ የተቀመጠች ጂፕ አለች» የሚል ሰው አይጠፋም። ራሱ አላያትም። ያያት የአጎቱ ጓደኛ ነው። የአጎቱ ጓደኛ ደግሞ ሁልጊዜ ሞቷል።

ወደ ሻጮቹ እንምጣ። ዋናው ሥራ እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሻጭ ሐቀኛ ነው። አይዋሽም፤ ከእውነቱ ቆንጥሮ ነው የሚነግርህ። «ስትቆም ትሠራ ነበር» ይልሃል። ትክክል ነው፤ ማንኛዋም መኪና እስክትቆም ድረስ ትሠራለች። «ወለሏ ትንሽ ይፈልጋል» ካለህ ወለል የላትም። «ትንሽ ብየዳ ብቻ ነው የሚቀራት» ካለህ ብየዳው የሚጀምርበት ብረትም መግዛት ይኖርብሃል። «ሞተሯ አልተነካም» ማለት ማንም ደፍሮ አልከፈተውም ማለት ነው። «ሊብሬዋ አለ» ሲልህ ደግሞ ረጋ በል። ሊብሬ መኖሩ አያጠራጥርም። የማን ሊብሬ እንደሆነ ግን ሻንሲው ላይ ያለውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያይተህ ራስህ ድረስበት። ሞተር ይቀየራል፤ ቆርቆሮ ይቀየራል። ወረቀቷ የሌላ መኪና የሆነች ጂፕ ግን ብትታደስም ከግቢ አትወጣም።

ሁለተኛው ሻጭ የማይሸጠው ነው። «አልሸጣትም፤ ልሠራት ነው» ይላል። ይህን ማለት ከጀመረ ወልዶ ድሯል። ጂፗ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለች መሬት እየገባች ነው። ዋጋ ብትጨምርለት ይቆጣሃል። ብታለቅስለትም አይሸጥልህም። አንድ ቀን ግን ግቢውን ሲያስጠርግ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጣታል። አንተ የምትሰማው በማግስቱ ነው።

ሦስተኛው የልጅ ልጅ ነው። ከሁሉም የከፋ እሱ ነው። አያቱ ያወረሱትን ብረት ኢንተርኔት ላይ አይቷል። ስልኩን አውጥቶ ያሳይሃል። ስልኩ ላይ ያለችው ጂፕ ታድሳ፣ ተወልውላ ለጨረታ የቀረበች ናት። ፊትህ ያለችው ደግሞ ዶሮ ታቅፋለች። የሚያመሳስላቸው ስማቸው ነው። እና ዋጋቸው።

ገዢውስ? ገዢው የዋህ ነው ብሎ የሚያዝን ካለ ይተወው። ገዢው ሁሉንም ያውቃል። የተማረው ነገር ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል። ከፊት ያለውን ፍርግርግ ይቆጥራል፤ ቀዳዳው 9 ከሆነ የጦርነቱ ዘመን ናት፣ 7 ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ የመጣች። የኋላ መዝጊያዋ ወደ ታች የሚከፈት ከሆነ ሲቪል ናት። ከዚያ መሬት ላይ ይተኛል። ጭቃ ውስጥ በጀርባው ተንፏቆ፣ ባትሪ በጥርሱ ይዞ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን የሻንሲ ማገር ያያል። ድቡልቡል ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ፎርድ። አንዱን ቡሎን በጨርቅ አሽቶ አሽቶ «ኤፍ!» ብሎ ይጮኻል። ፎርድ ለሠራው ክፍል ሁሉ ኤፍ የምትል ፊደል ያትም ነበር፤ ለቡሎን ጭምር። ትልቅ ሰው መሬት ተኝቶ ፊደል ሲያነብ የሚያይ ልጅ ትምህርት ቤት ይጠላል።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዞ ግን ምን ያደርጋል? ይረሳዋል። ሻጩ ጣቱን ቀስሮ «ይህቺ ጂፕ በ1944 ኖርማንዲ ያረፈች ናት» ሲለው ልቡ ይቀልጣል። (ኖርማንዲ በዚያ ዓመት የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ከባሕር የወረደበት የፈረንሳይ ዳርቻ ነው።) ጂፗ ሲጄ-2ኤ የምትባለው የሲቪል ጂፕ ናት። የተሠራችው በ1946 ነው። ኖርማንዲ የዘመተችው በእናቷ ሆድ ሆና መሆን አለበት። የኋላ መዝጊያዋ ተበይዷል፣ አረንጓዴ ተቀብታለች፣ ኮፈኗ ላይ ነጭ ኮከብ ተስሎላታል። ስንቷ የእርሻ ጂፕ በስተርጅና እንዲህ ተመልምላ ዘምታለች! ሲጄ-3ቢን ብቻ ነው ማዝመት የሚከብደው። እሷ በ1953 ነው የመጣችው፤ አዲሱ ሞተሯ ቁመታም ስለሆነ ኮፈኗ ከሩቅ ያሳብቅባታል። ሞክረዋል ግን።

እኔን የሚገርመኝ ሻጩም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል። ሁለቱም ተያይተው ዝም ይላሉ። ሻጩ ብረቱን ብቻ ቢሸጥ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ገዢውም ብረቱን ብቻ ቢገዛ ቤቱ ገብቶ የሚያወራው የለውም። ስለዚህ ኖርማንዲ በዋጋው ውስጥ ትጨመራለች።

ከዚህ በኋላ ጠመንዣ ሳይሆን ጠመዝማዥ ይወጣል። ልምድ ያለው ገዢ ካቻቪቴ ይዞ ነው የሚመጣው። የወለሉን ሥር ይወጋል። በጦርነቱ ጂፖች ወለል ሥር ባሉት የቆርቆሮ ማጠናከሪያዎች ውስጥ እንጨት ገብቷል። እንጨቱ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ካቻቪቴው ዝም ብሎ እስከ እጀታው ሲገባ ሻጩ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ከዚያ ማግኔት ይወጣል። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ግማሽ ጎኗን ማግኔት ያልያዘላት ጂፕ አይቻለሁ፤ ከመኪና ይልቅ ሐውልት ለመባል ትቀርባለች።

ሞተሩ እንኳ ብዙ አያስቸግርም። አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ተጣብቆ ከሆነ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ዘይት ማንጠባጠብ፣ ቀናት መጠበቅ፣ ከዚያ በእጅ ለማዞር መሞከር ነው። ብሎኩ ላይ ስንጥቅ አለመኖሩን ግን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ውስጡ የቀረ ውሃ በብርድ በረዶ ሲሆን ብረት ይሰነጥቃል። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። መብራቷ በርቶ መሆኑን ለማወቅ ክብሪት መጫር ሳያስፈልግ አይቀርም።

እኔን ምክር የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ ከሁሉ በፊት ያልጎደለችውን ግዛ እላለሁ። የዛገውን ያስተካክሉታል። የጠፋው ነው የሚያሳብደው። ሰው ለሞተር ተዘጋጅቶ ይገባና የሚያልቀው ለመስታወት ማጠፊያ፣ ለመቀመጫ እግር፣ ለአንዲት የመብራት ቀለበት ነው። ዕቃዋ ትንሽ በሆነች ቁጥር ፍለጋው ይረዝማል። ባንታም የሚባል ትንሽ ኩባንያ በ1940 የመጀመሪያዋን የጂፕ ናሙና ከንድፍ ጀምሮ ሠርቶ ለአሜሪካ ጦር እንዲያስረክብ የተሰጠው ጊዜ 49 ቀን ነበር። አስረከበም። የኛ ሰው የመብራት ቀለበቷን ሁለት ክረምት ፈልጓል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ሁለተኛ ጂፕ መግዛት ነው። «ለመለዋወጫ» ይባላል። ለትዳር ጓደኛም የሚነገረው እንደዚያ ነው። መለዋወጫዋ ግቢ ስትደርስ ከመጀመሪያዋ ትሻላለች። አሁን ለመፍታት አንጀት አይገኝም። ስለዚህ ለሁለቱም የምትሆን ሦስተኛ መፈለግ ይጀመራል። ባለቤቱ በመስኮት እያየች «ይሄ ምንድን ነው?» ስትል «ኢንቨስትመንት ነው» ይላታል። እሷም ትናንት ልብስ ያሰጣችበት ኢንቨስትመንት ዝገቱን ነጭ አንሶላ ላይ እንዳተመ ታሳየዋለች።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሁሉንም አዲስ መግዛት። ሙሉ የጂፕ አካል ዛሬም ፊሊፒንስ ውስጥ በአዲስ ቆርቆሮ ይሠራል። ዳሽቦርዱ ላይ የምትለጠፈው የመለያ ሰሌዳ ሳትቀር በአዲስ ታትማ ትሸጣለች። እንዲህ እያለ አካሉ አዲስ፣ ሽቦው አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ሰሌዳው አዲስ ሆኖ አንዲት ጂፕ ትወለዳለች። ባለቤቷን «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» በለው። ዐይኑን ሳያሽ «የ1943» ይልሃል። የ1943ው የትኛው ክፍሏ እንደሆነ መጠየቅ ጨዋነት አይደለም።

የጂፕ ሊቃውንት ግን ይጠይቃሉ። ሰዎቹ ተሰብስበው የታደሰች ጂፕ ሲያዩ ደስ ያላቸው አይመስሉም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይዞራሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ «ቀለሙ ትንሽ ያብረቀርቃል» ይላል። ሌላው «ፎርድ ሻንሲ ላይ የዊሊስ ቡሎን» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሐዘን የደረሰበት ነው የሚመስለው። ማንም ስለማያየው ቡሎን ነው ይህ ሁሉ። ባለቤቱ ያን ሌሊት አይተኛም። ጠዋት ቡሎኑን ይፈታል።

እንደምንም ተጠናቃ መንገድ የወጣች ቀን ደግሞ ነዳጅ መቅጃ ቦታ መቆሟ አይቀርም። ሰልባትዮዋ ያለው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ይወርዳል፣ የወንበሩን ትራስ ያነሳል፣ ከተቀመጠበት ሥር ክዳን ይከፍታል። ቀጂው ግራ ገብቶት ይቆማል። ከኋላ የተሰለፈው ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ይከባል። አንዱ «አባቴ እንደዚህ ያለች ነበረችው» ይላል። ሌላው «በጦርነቱ የነበረች ናት?» ይላል፤ ሾፌሩም ኮስተር ብሎ «ኖርማንዲ» ይለዋል። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ፍርግርጉን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ ጓሮ እንደዚህ ያለች አለች። አይሸጣትም እንጂ።»

ነዳጁ ሞልቶ በወለሉ ላይ ይፈሳል። ቀጂው ይጮኻል። ባለ ጂፑ ግን ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጥግ ወስዷቸዋል።

«አባባ፣ ሻንሲዋ ደህና ነው?»