እሳቱ ነዷል፤ «የፈጠራ» አትበሉት

የዓረብኛ ጋዜጣ «ሐሪቅ ሙፍተዐል» ብሎ ከጻፈ ቃጠሎው በእርግጥ ደርሷል፤ ንብረት ወድሟል፣ ምናልባት ሰውም ሞቷል። ቃሉ የሚነግረን እሳቱን ሆን ብሎ የለኮሰ ሰው መኖሩን ነው። «የፈጠራ እሳት» ብሎ የተረጎመው ሰው ግን ያለ ውኃ አጥፍቶታል፤ አንባቢው የሚረዳው ቃጠሎ እንዳልነበረ ነውና።

ዜና ክፍሎቻችን ሰው ለሠራው፣ ላቀነባበረውና ለዋሸው ነገር ሁሉ «ፈጠራ» የምትለዋን ቃል ይመዛሉ። ቃሏ ራሷ ሁለት ፊት አላት። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የፈጠራ ባለቤት መብቱ ይጠበቅለታል፤ «የፈጠራ ክስ» ስንል ደግሞ ንጹሕ ሰው ላይ የተለጠፈ ወንጀል ማለታችን ነው። ሁለት ፊት ያላት ቃል ላይ የዓረብኛውንና የእንግሊዝኛውን ሸክም ሲጭኑባት ትርጉሙ ይጠፋል።

ዓረብኛ ከአንድ ሥር ብዙ ያወጣል። «ኸለቀ» ፈጠረ ነው፤ መሐል ላይ «ተ» ገብታ «ኢኽተለቀ» ሲሆን ያልነበረ ነገር አወራ ማለት ይሆናል። «ፈዐለ» አደረገ ነው፤ «ኢፍተዐለ» ሆን ብሎ ቀሰቀሰ። ታዲያ «ተ» የገባባት ሁሉ ክፉ ናት ብሎ መደምደም አያዋጣም፤ «ኢኽቲራዕ» የተከበረ የፈጠራ ሥራ ነው። «ዘካእ ኢስጢናዒ» ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኖ ሳለ፣ ከዚያው ሥር የወጣው «ሙስጠነዕ» ፈገግታን ሲገልጽ ከአንገት በላይ ማለት ነው። ትርጉሙን የሚወስነው ከቃሉ ጋር አብሮ የቆመው ስም ነው።

እንግሊዝኛውም ከዚህ አይሻልም። «ፋብሪኬሽን» በብረታ ብረት ቤት መቁረጥና መበየድ ነው፤ በፍርድ ቤት ውሸት። (የእኛው «ፈበረከ»ም ዕቃም ወሬም ያመርታል።) በጣም የሚያሳስተው ግን «ኢንቬንሽን» ነው። ቃሉ የመጣበት የላቲን ግስ «አገኘ» ማለት ነው፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ላይ በፈረንጆች ሜይ 3 የተጻፈው «ኢንቬንሽን ኦፍ ዘ ክሮስ» የመስቀሉ መገኘት በዓል ነው። ንግሥት እሌኒ አስቆፍራ ያወጣችውን መስቀል «የመስቀል ፈጠራ» ብሎ የሚተረጉም መሣሪያም ሰውም አይጠፋም።

ለዕለት ሥራ የሚበጀው መጀመሪያ «ነገሩ አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አዝማ ሙፍተዐላ» ሲባል እጥረቱ አለ፤ ዱቄቱን መጋዘን የቆለፈበት ሰው አለ። «ሆን ተብሎ የተፈጠረ ቀውስ» ይበቃዋል። «ኸበር ሙኽተለቅ» ላይ ግን ድርጊቱ ራሱ የለም፤ «የተፈበረከ ወሬ» ነው። ቅርጹ ኖሮ ውስጡ ባዶ ሲሆን ዓረቦቹ «ሱሪ» ይላሉ፤ ለዚህ «የይስሙላ» የሚል ያማረ ቃል አለን፣ የይስሙላ ምርጫ፣ የይስሙላ ጋብቻ። «ሙዘወር» የተባለ ሰነድ ሐሰተኛ ነው፤ መንገድ ላይ ፎርጅድ የምንለው።

«የተቀነባበረ» የሚለውንም ቆጥቡት። እጁን ያስገባ አካል አለ የሚል ክስ ስለሆነ፣ ማን እንዳለው ሳይጠቀስ አርዕስት ላይ ሲወጣ ጋዜጣው ራሱ ከሳሽ ይሆናል። «ሙፍተዐል»ም እንዲሁ ነው፤ ያለው መርማሪው ከሆነ «መርማሪዎች እንዳሉት» የምትለው ሐረግ ከዓረብኛው ወደ አማርኛው ስትሻገር መንገድ ላይ መቅረት የለባትም።

ነገሩ ከዜና ወጥቶ የሰው ኑሮ የሚነካው ዜጎቻችን ለሥራ በሚሄዱባቸው የባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ነው። አሠሪ በሠራተኛዋ ላይ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ ጠፍታለች የሚል ሪፖርት ሲያስመዘግብ፣ እርሷ ለመከላከል የምታስጽፈው ማመልከቻ ላይ «ካዚብ» እና «ከይዲ» የሚሉት ቃላት እኩል አይደሉም። «ካዚብ» ሪፖርቱ እውነት አይደለም ይላል፤ እዚያው ቤት ስትሠራ እንደነበር የሚያሳይ የደመወዝ ማስረጃ ወይም የስልክ መልእክት ይደግፈዋል። «ከይዲ» ደግሞ አሠሪው ለመጉዳት አስቦ ነው ያደረገው ይላል፤ ሐሳቡን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ደመወዝ ስትጠይቅ የመጣ ዛቻ፣ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም «የውሸት ሪፖርት» ብሎ የሚነግራት አስተርጓሚ ምን ማስረጃ ይዛ መቅረብ እንዳለባት ሳይነግራት ማመልከቻው ወደሚቀርብበት ጽሕፈት ቤት ይልካታል።