እስቲ ቀና በሉ

ጎጃሞች ሆይ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ስለምወዳችሁ ነው የምቆጣው።

ሁላችሁም በኪሳችሁ ካሜራ ይዛችኋል። ባሕር ዳር ስትደርሱ ጣናን ከኋላ አድርጋችሁ ራሳችሁን ታነሣላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም ያው ነው። 380 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ከጀርባችሁ ቆሞ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ጥርሳችሁ ነው። ራሳችሁን አታንሡ አልልም። ግን ስልኩን አንዳንዴ እንኳ ወደ ፊት አዙሩት እንጂ!

ደብረ ማርቆስ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ገበያ ስትወርዱ በየቀኑ የምታልፉትን የጭቃ ቤትስ? መስኮቱ ስንት ተካፋች አለው? ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አናጺው በመጋዝ እንደ ጥልፍ ያስጌጠውን ጣውላ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ምርጊቱ በረገፈበት በኩል ማገሩ ብቅ ብሏል። ጭዱ እንኳ ይታያል። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ራሱ እያሳያችሁ ነው፤ እናንተ ግን አንገታችሁን ስልክ ላይ ደፍታችሁ ታልፋላችሁ።

እነዚህ ቤቶች እየፈረሱ ነው። መንገድ መስፋት አለበት፣ ሕንፃ መቆም አለበት፤ በዚህ አልሟገትም። እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ፎቶ እንኳ ሳይቀርላቸው መሄዳቸው ነው። አናጺው ስሙን የትም አልጻፈም። ቤቱ ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ዘጌ ስትሻገሩ ደግሞ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አንሥታችሁ ትመለሳላችሁ። ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ መሆኑን ስንቶቻችሁ ልብ ብላችኋል? ጠርዙን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከወጣችሁ በኋላም ቀና በሉ። በጣና ዙሪያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላታቸው ላይ የሰጎን እንቁላል አላቸው። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም ብለው ነው አባቶች የሚያስተምሩት። ይህን የመሰለ ትምህርት አናታችን ላይ ተሰቅሎ ሳለ እኛ አንዴ እንኳ ቀና አንልም።

መርጡለ ማርያም የምትሄዱ፣ የንግሥት እሌኒን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በቀትር አታንሡ። ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባ በቀትር ፀሐይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሂዱ። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው የመሮው ምት ሁሉ ጥላ ያወጣል። ያን ጊዜ ጠራቢው አሁን ወርዶ የሄደ ይመስላችኋል። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ወደ ላይ ካጋደላችሁት ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ።

መንገዱ እንደ ልብ የማያስኬድበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ሥራ ግን ከቤታችሁ እስከ ጉልት ያለው መንገድ ይበቃል። ሰው ቤት ላይ ካሜራ ከመደቀናችሁ በፊት ግን «እንዴት ዋላችሁ» በሉ። እማማ ቡና ካፈሉ ቁጭ በሉ። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ምሰሶው ከየት እንደመጣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የነገሯችሁን ከፎቶው ጋር ጻፉት፤ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ ቀኑንም ጨምሩበት። ያለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን ቤት እንደሆነ የሚነግራችሁ አታገኙም።

እናንተ የቆያችሁ ፎቶ ቤቶችም አላችሁበት። ቦታ አጣበበ ብላችሁ የድሮ ኔጋቲቭ አትጣሉ። ያነሣችሁት ሙሽሮችን ነበር፤ ከሙሽሮቹ ኋላ የቆመው በረንዳ ግን ዛሬ የለም። ሳጥኑን አውርዱና ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ፣ የትኛው በረንዳ የትኛው ሰፈር እንደነበር እየነገራችሁ አስጽፏቸው።