በሳህን የሚቀር ውኃ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምኖርበት አፓርታማ በረንዳ ላይ የተከልኳቸው ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሞቱብኝ። ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ሲገረጣ የጠማቸው መስሎኝ ውኃ ጨመርኩላቸው፤ በማግስቱም ደገምኩ። በኋላ ነቅዬ ሳያቸው ሥራቸው ጠቁሮና ላሽቆ፣ ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ጎመን ይበጣጠስ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም የሕንፃው ደንብም እጁ አለበት፤ ውኃ ወደ ታችኛው ፎቅ እንዳይንጠባጠብ ከእያንዳንዱ የአበባ መትከያ ሥር ሳህን እንዲቀመጥ ያዛል፣ እኔም ሳህኑን ስለማልደፋው፣ የሜዲትራኒያን ዙሪያን ደረቅና ድንጋያማ መሬት የለመዱት ሁለቱ ተክሎች ቀንና ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆመው ሰነበቱ።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ እህቴ በኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ ላይ እነዚሁኑ ተክሎች አንገቱ በተቆረጠ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አሳምራ አብቅላ አገኘኋት። የጀሪካኑ ታች በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ተበስቷል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለተክል ብላ ቧንቧ አትከፍትም፤ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰድዳ ደረቅ ሆኖ ካገኘችው ብቻ ጎመን ያጠበችበትን ታፈስበታለች። የእኔን ተክሎች የገደላቸው የውኃ ብዛት፣ የእርሷን ያቆያቸው እጥረቱ መሆኑን ስነግራት ሳቀችብኝ እንጂ አላዘነችልኝም።

በበሶብላ ግን እኔም አልታማም። እዚህ ገበያ የሚሸጠው ሰፊ ቅጠል ያለው የጣሊያኖቹ ዝርያ ለሌላ ምግብ ቢሆንም፣ ለበርበሬ የምንፈልገውን የአገር ቤቱን የአበባ ዘለላ ሽታ አይሰጥም፤ ስለዚህ ዘሩን በየዓመቱ አስቀርቼ እዘራለሁ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲጀምርም የጥቅምት ውርጭ ሳይደርስበት ወደ መስኮት አስገባዋለሁ።

አሁን ውኃ ካጠጣሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን እደፋለሁ። ከታቼ የሚኖረውን ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። የእህቴ ጀሪካን ግን ሳህን ስለሌለው በታችኛዋ ጎረቤት ስጥ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጎረቤቲቱ «ኧረ ልብሴን!» ብላ ትጮሃለች፣ ቡና ሲፈላም ወጥታ ለስኒዋ የሚሆን ጤና አዳም ትቀጥፋለች። በቅርቡ ደግሞ አንድ ዝንጣፊ ወስዳ በራሷ ጀሪካን ተክላ ስለጸደቀላት፣ አሁን የምትጮኸው የሁለተኛ ፎቋ ናት።