እርማት፦ የቤዝቦል ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ 35 ዓመት ሲሞላው አያበቃለትም

ወንድሜ፣ «ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ 35 ከሞላው አልቆለታል፤ ቡድኑ ሳይረፍድ በወጣት ይተካው» ያልከውን ብዙ ሰው ይደግመዋል። ግን ትክክል አይደለም።

ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂውን አድሪያን ቤልትሬን ተመልከት። የአሜሪካው ቡድን ቴክሳስ ሬንጀርስ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሲያስፈርሙት 31 ዓመቱ ነበር። በ2016፣ በ37 ዓመቱ፣ 32 ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መታ፤ በመከላከል ብቃቱም የጎልድ ግላቭ ሽልማት ወሰደ። በ2017 ደግሞ 3,000ኛ ሂቱን (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) አስመዘገበ። በ35 ቢሸኙት ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀርባቸው ነበር። የአትላንታው ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ቺፐር ጆንስም ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ሊጎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ በመምታት አማካይ አንደኛ የወጣው በ36 ዓመቱ ነው።

ነገሩ ያለው በቦታው ጠባይ ላይ ነው። ሦስተኛ ቤዝ ከመቺው ሳህን የሚርቀው 27 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኳሷ ተመትታ ስትመጣ ሮጦ ለመድረስ ጊዜ የለም፤ የሚያድነው ፈጣን እጅ፣ ትክክለኛ አቋቋምና ኳሷን ወርውሮ እስከ አንደኛ ቤዝ የሚያደርስ ክንድ ነው። አቋቋምን ደግሞ ልምድ ያሻሽለዋል። ከኋላ መሃል ቆሞ ሰፊ ሜዳ የሚያካልለው ሴንተር ፊልደር ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ ወዲያው ይታወቅበታል።

እርግጥ እግር ይከዳል፤ ቤልትሬም በ2017 በጡንቻ ጉዳት ከ162 ጨዋታ የተሰለፈው በ94ቱ ብቻ ነው። ሬንጀርስ ግን አላሰናበቱትም። እሱ ሲጎዳ ወጣቱ ጆይ ጋሎ ሦስተኛ ቤዝ ቆመ፣ ሲመለስ ጋሎ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ።

ጉዳትም ዕድሜ አይጠብቅም፤ የኒው ዮርክ ሜትሱ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ ዴቪድ ራይት የአከርካሪ ቦይ መጥበብ እንዳለበት የታወቀው በ32 ዓመቱ ነው። በአንተ ስሌት ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር።