እርማት፦ የ«ሃውል» ደራሲ ሚያዛኪ አይደለም

«የሃውልን ተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥት ታሪክ ከሀ እስከ ፐ የፈጠረው ሚያዛኪ ነው» ብለሃል ወንድሜ፤ ጃፓናዊውን የአኒሜሽን ፊልም ዳይሬክተር ማለትህ ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን ታሪኩ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የዳያና ዊን ጆንስ ነው። ልብ ወለዷ የታተመው በ1986 ሲሆን የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ አኒሜ (የካርቱን ፊልም) የወጣው በ2004 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጆቹ።

በእርግማን አሮጊት የሆነችው ባርኔጣ ሠሪ ሶፊ፣ ምድጃ ውስጥ ሆኖ የሚነጫነጨው የእሳት ጋኔን ካልሲፈር፣ እጀታው በዞረ ቁጥር ሌላ ቦታ የሚከፈተው በር፣ ሁሉም ከመጽሐፉ የመጡ ናቸው። እንዲያውም በመጽሐፉ ከበሩ መውጫዎች አንዱ እውነተኛዋ የብሪታንያ ዌልስ ያደርሳል። የቤተ መንግሥቱ ባለቤት ጠንቋዩ ሃውል የዚያ አገር ልጅ ነዋ! ፊልሙ ይህን ጭራሽ ትቶታል።

የሚያዛኪን ድርሻ ደግሞ አልክድም። እያቃሰተ የሚራመደው ባለ እግር ቤት የእሱ ነው፤ የመጽሐፉ ቤተ መንግሥት እግር የለውም። ጦርነቱንም ያን ያህል ያገዘፈው እሱ ነው። «ዳይሬክተሩ ሚያዛኪ» ብትል ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።

በነገራችን ላይ ያቺ በሌላው የሚያዛኪ ፊልም በመጥረጊያ የምትበረው ትንሽ ጠንቋይ ኪኪም እንደዚሁ ናት፤ ምንጯ በፈረንጆቹ 1985 የወጣ የኤይኮ ካዶኖ መጽሐፍ ነው።